ኮርኔልየስ ኋይትሃውስና የብረት ቧንቧው

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ሕይወት ብዙ አንብበናል። እኔ ግን በዚህ ገጽ ስለ አንድ ባለ እጅ ልጽፍ እወዳለሁ፤ እርሱም ኮርኔልየስ ኋይትሃውስ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኋይትሃውስ ይሠራ የነበረው ከበርሚንግሃም ብዙ በማትርቀው በዌንስበሪ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ከተሞች በጋዝ መብራት መብራት ጀምረው ነበርና ጋዙን ከመንገድ ወደ ቤት የሚያስገባ ቀጭን የብረት ቧንቧ እጅግ ይፈለግ ነበር። ቧንቧው ግን የሚሠራው እንደ ጠመንጃ አፈ ሙዝ ነው፤ ብረቱ በዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፥ ጥቂት በጥቂት እየጋለ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ስለዚህ ሥራው አድካሚ፥ ዋጋው ውድ፥ ቁራጩም አጭር ነበረ። እንዲያውም የአሮጌ ጠመንጃ አፈ ሙዞችን ጫፍ ለጫፍ እየገጠሙ ጋዝ ያስተላልፉባቸው ነበር። የጦር መሣሪያ ለመብራት ሲውል መስማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ይህ ለከተማ ሁሉ አይበቃም።

በ1825 ዓ. ም. ኋይትሃውስ አዲስ ብልሃት አገኘ። ረጅሙን ጠፍጣፋ ብረት ዳርና ዳሩ እስኪገናኝ አጠፈው፤ በእሳት እስኪነጣ አጋለው፤ ከዚያም በሰንሰለት በሚጎትት መኪና በጠባብ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ሳበው። ቀዳዳው ብረቱን ከውጭ ስለሚጨምቀው ሁለቱ ዳሮች እርስ በርሳቸው ተጣበቁና አንድ ሆኑ። ከውስጥ ዘንግ አልገባበትም፤ መዶሻም አልነካውም።

ለዚህ ሥራ የ14 ዓመት ፓተንት፥ ማለት የፈጠራ መብት ተሰጠው። ነገር ግን መብቱን በዚያችው ከተማ ለሚኖረው የቧንቧ ፋብሪካ ባለቤት ለጄምስ ረስል አስተላለፈ። ከዚህ በኋላ ቧንቧውም ትርፉም የሚጠራው በረስል ስም ሆነ። ሌሎች ፋብሪካዎች ብልሃቱን ቢወስዱበት ረስል ከሰሳቸው፤ እነርሱም ነገሩ አዲስ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ዳኞቹ ግን ያለ ዘንግ ማጣበቅ አዲስ ነገር ነው ብለው ለረስል ፈረዱ።

ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ፓተንቱ በ1839 ዓ. ም. ሊያበቃ ሲል ረስል ዘመኑ እንዲጨመርለት ለዘውድ አማካሪዎች ምክር ቤት አመለከተ። ምክር ቤቱም 6 ዓመት ጨመረለት፤ ነገር ግን ብልሃቱን ላገኘው ለኋይትሃውስ በየዓመቱ 500 ፓውንድ እንዲከፍል ግዴታ አገባበት። መብቱን በወረቀት ያስተላለፈ ሰው እንደ ገና ተፈልጎ ድርሻውን አገኘ ማለት ነው።

ኋይትሃውስ በኋላ በዌንስበሪ የራሱን የቧንቧ ፋብሪካ አቋቋመ። ፓተንቱም በ1845 ዓ. ም. ካበቃ ወዲህ የወደደ ሁሉ በዚያ ብልሃት ቧንቧ ለመሥራት ተፈቀደለት።