የዘር ሰብሳቢው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ እኛ የባዮሎጂ ክበብ አባሎች ለአንባቢዎቻችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። ይህም ሰው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። አገሩ ሩሲያ ሲኾን ሥራው የኛንም አገር ይነካል። በተለይም በእንጦጦ ግርጌ ለምንማር ለኛ የተወልን ትምህርት ከፍ ያለ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ጽጌረዳ ቤተሰብ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእንጦጦ ተራራና በአካባቢው የሚበቅሉት ኮሶ፥ ቀጋና የዱር እንጆሪ፥ መልካቸው የተለያየ ቢኾንም በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ኹሉም የጽጌረዳ ዘመዶች ናቸው። ከባሕር ማዶ የመጡት ፖም፥ ኮክና ፕሪምም ከዚሁ ቤተሰብ ይቈጠራሉ። ለከብት ጠባቂ ልጆች ፍሬውን የሚመግበው ነጭ አበባ ያለው ቀጋ፥ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል እውነተኛ ጽጌረዳ ነው። እንግዲህ ቫቪሎቭ በዕድሜው ኹሉ የመረመረው ነገር ይህ ነበር፤ ይኸውም በእርሻና በአትክልት ቦታ ያሉት ተክሎች ከየትኛው የዱር ዘመድ እንደ ተገኙና ዘመዶቻቸው ለምን እንደሚጠቅሙ ማወቅ ነው።

ቫቪሎቭ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. ከነጋዴ ቤተሰብ በሞስኮ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመንም ኹሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በሞስኮ የእርሻ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ፥ ለዘር ውርስ ትምህርት ጄኔቲክስ የሚል ስም ባወጣለት በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1917 በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ኾነ። በ1920 ስለ ዘር ልዩነት አንድ ሕግ አስታወቀ። ሕጉም በአንድ ተክል ላይ የታየ ጠባይ በቅርብ ዘመዱም ላይ ሊገኝ ይችላልና ፈልጉት የሚል ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በቮልጋ ወንዝ አገር ጽኑ ረኀብ ገብቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ቫቪሎቭም ረኀብን የሚቋቋም ሰብል ለማግኘት በየአገሩ እየዞረ ዘር መሰብሰብን የሕይወቱ ሥራ አደረገው።

ወደ አገራችን የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1927፥ ማለት በኛ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም.፥ በጅቡቲ በኩል በባቡር አዲስ አበባ ደረሰና ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ ተቀብሎ፥ በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ጣናን፥ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ አስመራ እስኪደርስ ድረስ በየገበያውና በየማሳው በሺሕ የሚቈጠር የዘር ናሙና ሰበሰበ። ማካሮኒ የሚሠራበትን ስንዴ በዛላው ላይ እንደ ጢም የሚቆም ሹል ነገር ሳይኖርበት ያገኘው በዚህ ጕዞ ነው። እንዲህ ያለው ስንዴ እንደሚኖር አስቀድሞ በሕጉ ተናግሮ ነበርና እጅግ ደስ አለው። ኢትዮጵያንም የእርሻ ተክሎች ከተገኙባቸው የዓለም ማእከሎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ። የዛሬ ሊቃውንት እንደ ስንዴና ገብስ ያሉት ከሌላ አገር መጥተው እዚህ እንደ ተራቡ ቢናገሩም፥ ጤፍና ኑግ ግን የኛው ተወላጆች መኾናቸው የታወቀ ነው።

በ1929 ደግሞ የቲየን ሻን ተራሮችን ተሻግሮ አልማ አታ ወደምትባለው ከተማ ደረሰ። ይህችም ከተማ እንደ አዲስ አበባ በተራራ ሥር የተቈረቈረች ናት። ከከተማይቱ በላይ ያለው ዳገት በዱር ፖም ዛፎች ተሸፍኖ፥ የፍሬው ቀለም፥ መጠንና ጣዕም ከዛፍ ዛፍ ሲለያይ ተመልክቶ፥ የፖም ኹሉ አባት አገር ይህ ነው ብሎ ፈረደ። በ2010 የፖምን የዘር ጽሕፈት በሙሉ ያነበቡ ተመራማሪዎች ፍርዱ ትክክል እንደ ነበረ አረጋገጡ። ይኹን እንጂ ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ ከዱር ፖሙ ብዙው ተቈርጦ ጠፍቷል።

የቫቪሎቭ መጨረሻ የሚያሳዝን ነው። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው የዘር ውርስን ትምህርት ሐሰት ነው እያለ በስታሊን ዘንድ ሞገስ አገኘ። ቫቪሎቭ ግን እውነት መኾኑን ያወቀውን ለመካድ እንቢ ስላለ በነሐሴ ወር 1940 ታሰረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ቢለወጥለትም፥ ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኀብ ተጐሳቍሎ ሞተ። ረኀብን ከሰው ልጅ ለማራቅ የደከመው ሰው ራሱ በረኀብ አለቀ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ በጠላት ተከባ ሳለች፥ ባልደረቦቹ ብዙ ኩንታል እህል ከፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ለዘር የተሰበሰበውን አንነካም ብለው ከመካከላቸው በረኀብ የሞቱ ነበሩ። በ1955 መንግሥቱ የቫቪሎቭን ንጽሕና አስታወቀ፤ በኋላም የዘር ተቋሙ በስሙ ተጠራ።

በአገራችንም በ1976 የዕፅዋት ዘር ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚል ስም የአገሩን ዘር ይጠብቃል።

እኛስ ከዚህ ሰው ታሪክ ምን እንማራለን? ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ለከተማችን ማገዶና የቤት እንጨት ስለ ኾነ አንነቅፈውም። ነገር ግን የአገሩ ዛፍ እጅግ ሳስቷል። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነውና፥ አንዱን ዛፍ ብቻ ለጌጥ ብንተው ዘሩን ሊተካ አይችልም። ከዚህም በላይ ተመራማሪዎች የኮሶን ዘር መርምረው በየደኑ ያለው ኮሶ እርስ በርሱ ልዩነት እንዳለው አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ደን ሲመነጠር በሌላ ቦታ የማይገኝ የዘር ሀብት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን እንዲረዱን እየለመንን፥ እኛ ተማሪዎች ከእንጦጦ የኮሶና የቀጋ ዘር ለቅመን፥ ችግኝ አፍልተን፥ በትምህርት ቤታችን ግቢና በተራራው ላይ እንድንተክል አሳባችንን እናቀርባለን። ለቫቪሎቭ ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይገኝም።