ከኪታብ ጋር ያለፈ ዕድሜ፦ የኢማም ነወዊ ሕይወት

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የጀመዓችን አባላት፣ ሪያዱ ሷሊሒን የተባለው ኪታብ ከመስጊዳችን መደርደሪያ ጠፍቶ አያውቅም። ከዐስር ሶላት በኋላ ከእሱ ሐዲስ ሲነበብ ሁላችንም ሰምተናል። አርባዎቹን ሐዲሶችም ብዙዎቻችን በልጅነታችን መድረሳ ውስጥ ሐፍዘናቸዋል። የሁለቱም ኪታቦች አዘጋጅ ኢማም የሕያ ኢብን ሸረፍ አን-ነወዊ (አላህ ይዘንላቸው) ናቸው። ስማቸውን እናውቃለን፤ እንዴት ያነቡ እንደነበር ግን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ራሴ ኪታብ መግዛት ኪታብ ማንበብ እየመሰለኝ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። መደርደሪያዬ ሞላ፤ ዕውቀቴ ግን ባለበት ቆመ። የእኚህን ዓሊም ታሪክ ደግሜ በተመለከትኩ ጊዜ ያፈርኩት ለዚህ ነው፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ የፈለግሁት ለዚሁ ነው።

ኢማም ነወዊ በሙሐረም ወር 631 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1233) ከደማስቆ በስተደቡብ፣ በሐውራን ምድር፣ ነዋ በምትባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ባለሱቅ ነበሩ። ልጃቸውን ሱቅ ውስጥ ቢያስቀምጧቸውም የልጁ ልብ ከሽያጩ ይልቅ ከቁርኣኑ ጋር ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ እኩዮቻቸው በግድ ሊያጫውቷቸው ሲሞክሩ፣ እያለቀሱ ይሸሹና ቁርኣን ይቀሩ ነበር። ይህን ሼኽ ያሲን አል-መራኩሺ የተባሉ ደግ ሰው አዩ። አይተው ዝም አላሉም፤ የልጁ የቁርኣን አስተማሪ ዘንድ ሄደው አደራ አሉ። አስተማሪውም ለአባትየው ነገሩ። አባትም ምክሩን ተቀብለው ልጃቸውን ለቁርኣን አተጉ፤ ልጁም ለአቅመ አዳም በተቃረቡ ጊዜ አኸተሙ። ወላጆች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከታላቁ ዓሊም ጀርባ አይቶ የተናገረ ጎረምሳ ያልናቀ ሽማግሌ፣ የሰማ አስተማሪና እሺ ያለ ባለሱቅ አባት አሉ።

በ649 (1251) በ19ኛ ዓመታቸው አባታቸው ወደ ደማስቆ አመጧቸው። ረዋሒያ በምትባል መድረሳ ተቀመጡ። ቀለባቸው ለደረሳ የሚታደለው ዳቦ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ጎናቸውን አሳርፈው አልተኙም፤ እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ኪታብ ላይ ደገፍ ብለው ጥቂት ያንቀላፉና ይነቁ ነበር። ተንቢህ የተባለውን የአቡ ኢስሐቅ አሽ-ሺራዚን የፊቅህ ኪታብ በአራት ወር ተኩል ያህል ሐፈዙ። በዚያው ዓመት ቀሪ ወራትም የእኚሁ ዓሊም ከሆነው ሙሐዘብ ከተባለው ሰፊ ኪታብ የዒባዳውን ሩብ ያዙ።

ይሁን እንጂ ሐፍዝ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ነገር ደረሰባቸው። ተንቢህ ውስጥ ገላን መታጠብ (ጉስል) ግዴታ የሚሆንበትን ምክንያት የሚገልጽ ቃል አለ። ነገሩ ባልና ሚስትን የሚመለከት ነው። ያላገቡት ወጣት ግን የሆድ መንጎራጎር መሰላቸው። ስለዚህ ሆዳቸው በጮኸ ቁጥር በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠቡ ሁለት ወር ያህል ቆዩ። ይህን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ አላፈሩበትም። ቃሉ በአእምሯቸው ነበረ፤ ትርጉሙ ግን ገና አልደረሳቸውም ነበር።

በዚያ የትምህርት ዘመናቸው በየቀኑ 12 ትምህርት በሼኾች ፊት ይቀሩ ነበር። ፊቅህ፣ ሐዲስ፣ ነሕው፣ ሶርፍ፣ ኡሱል፣ የሐዲስ አስተላላፊዎች ታሪክና የእምነት መሠረቶች ነበሩበት። ባዶ እጃቸውን ግን አይቀርቡም። ብዕር ይዘው አስቸጋሪውን ይገልጻሉ፤ ያልጠራውን አነጋገር ያብራራሉ፤ ቃሉ በስሕተት እንዳይነበብ ሐረካውን ያኖራሉ። መንገድ ሲሄዱ እንኳ የያዙትን በልባቸው ይደግሙ ነበር። ክፍላቸው በኪታብ ከመሙላቱ የተነሣ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ የሚገኘው ኪታቦቹ ተነሥተው ሲደራረቡ ነበር።

የሚያነቡትንም ይመርጡ ነበር። አንድ ጊዜ ሕክምና ለመማር አስበው የኢብን ሲናን ቃኑን ገዙ። ከዚያ በኋላ ግን ልባቸው ጨለመባቸው፤ ለቀናት ምንም መሥራት አቃታቸው። ምክንያቱን ሲመረምሩ ይኸው መሆኑ ታወቃቸውና ኪታቡን ሸጡት። ይህ ሕክምናን መጥላት አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ሕክምናን ኡማው በጋራ ሊያውቀው ከሚገባው ዕውቀት ቆጥረውታል። ነገር ግን ሁሉን የሚያነብ ሰው ምንም ሳይይዝ እንደሚቀር፣ የራስን መንገድ ማወቅም የንባብ ክፍል እንደሆነ ያስተምረናል።

በ665 (1267) አሽረፊያ በሚባለው የሐዲስ ማስተማሪያ ተሾሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አስተማሩ። ደሞዙን ለራሳቸው አልተጠቀሙበትም። በወጣትነት የያዙትን ሙሐዘብም አልተዉትም፤ መጅሙዕ የተባለውን ሰፊ ሸርሕ የጻፉት ለእሱ ነው። ስለ ወለድ (ሪባ) ከሚናገረው ምዕራፍ ሲደርሱ ሞት ቀደማቸው። አንድ ኪታብ ከ19 ዓመት ዕድሜ እስከ መቃብር አብሯቸው ተጓዘ ማለት ነው። በአገራችን የሻፊዒ መዝሀብ ደረሳዎች የሚቀሩት ሚንሃጅም የእሳቸው ሥራ ነው።

ያነበቡት ነገር ኪታብ ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም። ሱልጣን በይበርስ በደማስቆ ዙሪያ ያሉትን የአትክልት ቦታዎች የመንግሥት ናቸው ብሎ ሊይዝ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ተጨነቀ። ከመድረሳ ዳቦ በቀር ሀብት ያልነበራቸው ኢማም ነወዊ ለሱልጣኑ ደብዳቤ ጻፉ። ንብረት በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው፤ ማስረጃ አምጣ ተብሎ አይጨነቅም የሚለውን የሸሪዓ ድንጋጌ አስረዱ። በዚያ ቀን የገበሬውና የባለአትክልቱ መከታ ለዓመታት በሌሊት የተነበበው ፊቅህ ነበር። ንባባችን ለጎረቤታችን ሐቅ ካልቆመ ምን ይረባል?

በ676 (1277) ደማስቆን ሊሰናበቱ ሲሉ አስቀድመው ከወቅፍ የተዋሷቸውን ኪታቦች መለሱ። የሼኾቻቸውን መቃብር ዘየሩ፤ ቁድስንና ኸሊልን ጎበኙ፤ ወደ ነዋ ተመልሰውም ታመሙ። በረጀብ 24 ሌሊት በአባታቸው ቤት አረፉ። ዕድሜያቸው በሂጅራ 45 ነበር። ትዳርም ልጅም አልነበራቸውም። የቀሩት ኪታቦቻቸው ናቸው፤ ደረሳቸው ኢብን አል-ዐጣርም ታሪካቸውን ጻፉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በቀን 12 ትምህርት እንቅራ አልላችሁም፤ እኔም አልችለውም። ግን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ የማን ነው? በዚያ ሰዓት አንድ ኪታብ እንያዝ፤ እስኪያልቅም በሌላ አንለውጠው። ሁለት ገጽ ብትሆንም በየቀኑ ትሁን። እርሳስና ደብተር አጠገባችን ይኑር። ያልገባንን በግምት ከማለፍ ዑለማዎችን እንጠይቅ፤ ያለዚያ እኛም በቀዝቃዛ ውሃ ስንታጠብ እንኖራለን። ማታ ቤት ስንገባም ከያዝነው አንዱን ለልጆቻችን እንንገር፤ ነገ በገበያ፣ በሚዛኑና በውሉ ላይ እንሥራበት።

ከመስጊዱ መደርደሪያም ኪታብ ወስዶ ቤቱ ያስቀመጠ ካለ፣ አንብቦ ይመልሰው። ኢማም ነወዊ ወደ አኼራ ጉዟቸው የተሰናዱት እንዲያ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ለእሳቸውም ይዘንላቸው። አሚን።