ከጫጫታ መካከል፤ የካርል ጃንስኪ ሕይወትና ሥራ

በራዲዮ መገናኛ ሥራ ውስጥ ጫጫታ የዘወትር ባላጋራ ነው። መሐንዲሱ የመልእክቱን ኃይል ለማሳደግ የሚደክመውን ያህል፣ ወይም ከዚያ በበለጠ፣ ጫጫታውን ለመቀነስ ይደክማል። በመሣሪያው ውስጥ የሚፈጠረውም ሆነ ከመብረቅ፣ ከሞተርና ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው ሁከት ምንጩ ተለይቶ ካልታወቀ በቀር መድኃኒት ሊገኝለት አይችልም። ይህ ምንጭ የመለየት ሥራ አድካሚና ብዙ ምስጋና የማያስገኝ ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ሥራ ተነሥቶ የሰው ልጅ ስለ ሰማይ ያለውን ዕውቀት ያሰፋ አንድ ወጣት የራዲዮ መሐንዲስ ነበር። ስሙም ካርል ጉቴ ጃንስኪ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጃንስኪ ኦክቶበር 22 ቀን 1905 በኦክላሆማ ግዛት፣ ኖርማን በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ኦክላሆማ ገና የአሜሪካ ሙሉ ክፍለ ሀገር አልሆነችም ነበር። የዘር ሐረጉ ከቼክ የሚመዘዘው አባቱ የምህንድስና መምህር ሲሆን፣ ኋላም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና አስተምሯል። ለልጁ ካርል ጉቴ የሚል ስም ያወጣለት ለፊዚክስ መምህሩ ካርል ጉቴ ካለው አክብሮት የተነሣ ነው። ታላቅ ወንድሙም በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከተቋቋሙት ቀደምት የራዲዮ ጣቢያዎች መካከል በአንዳንዶቹ የሠራ የራዲዮ መሐንዲስ ነበር። እንግዲህ ካርል ያደገው ትምህርትና ሙከራ እንደ ዕለት እንጀራ በሚታዩበት ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እሱም በ1927 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ።

ነገር ግን ወጣቱ ከትምህርቱ ጋር አንድ ከባድ ሸክም ይዞ ወጣ። ገና በወጣትነቱ የኩላሊት በሽታ ይዞት ነበር፤ በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ ፈውስ አልነበረም። በ1928 በቤል የስልክ ምርምር ላቦራቶሪ ሥራ ሲጠይቅ፣ ድርጅቱ በጤንነቱ ምክንያት ሊቀበለው አመነታ። በመጨረሻ የተቀጠረው ታላቅ ወንድሙ ስለ እሱ ከተናገረለት በኋላ ነው። የተመደበበትም ቦታ የኒውዮርክ ከተማ ሳይሆን በኒውጀርዚ ገጠር የሚገኘው የራዲዮ ጣቢያ ሆነ፤ በመጀመሪያ በክሊፍውድ፣ ቀጥሎም በሆልምዴል። ለበሽተኛው ሲባል የተመረጠው ጸጥ ያለ ገጠር፣ ከከተማው የኤሌክትሪክ ሁከት የራቀ በመሆኑ፣ ለራዲዮ ምርምርም እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ትልቅ ጉዳይ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ጋር የሚደረገው የስልክ ግንኙነት ነበር። በ1927 በኒውዮርክና በለንደን መካከል የተከፈተው የራዲዮ ስልክ በረጅም ሞገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ለሦስት ደቂቃ ንግግር 75 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍል ነበር። በ1929 የአጭር ሞገድ መስመሮች ተጨመሩ። አጭር ሞገድ በአነስተኛ ኃይል ሩቅ የሚደርስ ቢሆንም፣ እየተቆራረጠና በሁከት እየታፈነ ያስቸግር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ ንግግሩ በጫጫታ ሲዋጥበት ዝም ብሎ አይመለከትም። ስለዚህ ለጃንስኪ የተሰጠው ሥራ ግልጽ ነበር። በአጭር ሞገድ ላይ የሚሰማው ሁከት ከየት አቅጣጫ፣ በምን ሰዓትና በምን ያህል ኃይል እንደሚመጣ ማጥናት ነበረበት። ይህ ከታወቀ አንቴናዎቹ ሁከቱ ከሚበዛበት አቅጣጫ ድምፅ እንዳይቀበሉ አድርጎ መሥራት ይቻላል።

ጃንስኪ ለዚህ ተግባር በ20.5 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም በ14.6 ሜትር የሞገድ ርዝመት የሚሠራ አቅጣጫ ለይ አንቴና ሠራ። ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል የሆነው ይህ አንቴና በእንጨት ማዕቀፍ የተደገፈ ሲሆን፣ የቆመውም ከፎርድ አውቶሞቢል በተወሰዱ አራት ጎማዎች ላይ ነበር። ጎማዎቹ በክብ ሐዲድ ላይ በሞተር እየተነዱ አንቴናውን በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ያዞሩታል። የሥራ ባልደረቦቹ ከልጆች ተሽከርካሪ መጫወቻ ጋር እያመሳሰሉ ይቀልዱበት ነበር። በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ተቀባዩና የብዕር መቅጃው ተቀምጠው፣ የሁከቱን መጠን ቀንና ሌሊት በወረቀት ጥቅል ላይ ይጽፉ ነበር። አንቴናው በሰዓት ሦስት ጊዜ፣ በቀን ሰባ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር፣ ወረቀቱ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጉብታ የመጣበትን አቅጣጫ ይናገራል።

ምዝገባው በ1931 በሚገባ ከተጀመረ በኋላ ጃንስኪ ሁከቱን በሦስት ከፈለው። የመጀመሪያው በአካባቢው ከሚጥል ነጎድጓድ የሚመጣ፣ ድንገተኛና ኃይለኛ ነው። ሁለተኛው ከሩቅ ነጎድጓድ ተነሥቶ ከላይኛው የአየር ክፍል እየተንጸባረቀ የሚደርስ፣ ከመጀመሪያው የደከመ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም የተለየ ነበር። የማይቋረጥ፣ በተቀባዩ ውስጥ ከሚፈጠረው የራሱ ጫጫታ በቀላሉ የማይለይ፣ እሽ የሚል ደካማ ድምፅ ነው። ለተሰጠው ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቂ ነበሩ። ሦስተኛው ስልክ የሚያደናቅፍ ኃይል ስላልነበረው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የመሣሪያ ጉድለት ነው ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። ጃንስኪ ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር በመዝገቡ ላይ እንዲቀር አልፈቀደም።

ድምፁ በየቀኑ ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ስለሚጓዝ፣ በመጀመሪያ ከፀሐይ የሚመጣ መሰለው። በ1931 መጨረሻና በ1932 መጀመሪያ አቅጣጫው ከፀሐይ አቅጣጫ ጋር በእርግጥም ይቀራረብ ነበር። ወራት ባለፉ ቁጥር ግን ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ። ድምፁ ከፍተኛ የሚሆንበት ሰዓት በየወሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀድማል፤ ይህም በቀን ሲሰላ አራት ደቂቃ ነው። ጃንስኪ የሥነ ፈለክ ትምህርት ስላልነበረው የዚህን ትርጉም ወዲያውኑ አልተረዳም። የሥነ ፈለክ ዕውቀት የነበረው የሥራ ባልደረባው ስኬሌት ግን ነገሩን አመለከተው። ምድር በከዋክብት አንጻር አንድ ጊዜ የምትዞረው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። በመሆኑም ድምፁ የሚከተለው የፀሐይን ሰዓት ሳይሆን የከዋክብትን ሰዓት ነበር።

ጃንስኪ የአንድ ዓመት መዝገቡን በዚህ ዓይን እንደገና ሲመረምር፣ ምንጩ በሰማይ ላይ ከቦታው የማይንቀሳቀስ መሆኑን አረጋገጠ። አቅጣጫውም ቀውስ ወደሚባለው የከዋክብት ክፍል፣ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ወዳለበት ነበር። በዲሴምበር ወር ፀሐይ በዚሁ የሰማይ ክፍል በኩል ስለምታልፍ፣ የመጀመሪያው ግምቱ ያሳሳተው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ግልጽ ሆነ። ዕድልም ረድቶታል። እነዚያ ዓመታት የፀሐይ እንቅስቃሴ ዝቅ ያለባቸው ስለነበሩ፣ ላይኛው የአየር ክፍል ለዚህ ሞገድ ይበልጥ ክፍት ሆኖ ነበር።

ውጤቱን በአፕሪል 1933 በዋሽንግተን በተደረገ የራዲዮ ሳይንስ ስብሰባ ላይ አቀረበ። በሜይ 5 ቀን 1933 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ዜናውን በፊት ገጹ አወጣው። በዚያው ወር አንድ የአሜሪካ የራዲዮ ድርጅት ከሆልምዴል የተቀበለውን ድምፅ በቀጥታ አስተላለፈ፤ አድማጮችም ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣውን ሹክሹክታ በየቤታቸው ሰሙ። በ1935 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ድምፁ ከአንድ ነጥብ ብቻ ሳይሆን ከፍኖተ ሐሊብ ሁሉ እንደሚመጣና ወደ ማዕከሉ ሲጠጋ እንደሚበረታ አስረዳ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለማንኛውም የምርምር ድርጅት የሚያሳስብ ነው። ጃንስኪ 30 ሜትር ስፋት ያለው የሳሕን አንቴና ተሠርቶ ጥናቱ እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረበ። ድርጅቱ ግን ለስልክ ሥራው የሚያስፈልገውን መልስ አግኝቷል፤ ከሰማይ የሚመጣው ደካማ ድምፅ ስልኩን አያውክም። ዘመኑም የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበረ ገንዘብ በጥንቃቄ ይወጣ ነበር። ጃንስኪም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ለአባቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ጥናቱን ለመቀጠል ይፈልግ እንደነበረና መከልከሉም እንዳሳዘነው ያሳያሉ። የክፍሉ ኃላፊ የነበረው ሃራልድ ፍሪስ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ጃንስኪ ሥራውን ለመቀጠል ፍላጎት አሳይቶ እንደማያውቅ ጽፏል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ቢሆኑ ዝም ብለው ነበር። እነሱ የአንቴናና የተቀባይ ቋንቋ አያውቁም፤ የራዲዮ መሐንዲሶች ደግሞ የከዋክብትን ቋንቋ አያውቁም። ግኝቱ በሁለት ሙያዎች መካከል ባለቤት አጥቶ ቀረ።

ጉዳዩን ያነሣው ግሮት ሬበር የተባለ ወጣት የራዲዮ መሐንዲስ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው በአጭር ሞገድ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር መነጋገር የሚወድ አማተርም ነበር። የጃንስኪን ጽሑፎች አንብቦ በቤል ላቦራቶሪ ሥራ ቢጠይቅም ቦታ አላገኘም። በ1937 በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ዊተን በተባለች ከተማ፣ በቤተሰቡ ግቢ ውስጥ፣ ከራሱ ኪስ ገንዘብ አውጥቶ 9.5 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሳሕን አንቴና ሠራ። በመጀመሪያ በ3300፣ ቀጥሎም በ900 ሜጋኸርትዝ ሞክሮ ምንም አላገኘም። ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ 160 ሜጋኸርትዝ ሲወርድ የጃንስኪ ድምፅ ተገኘ። ቀን የአውቶሞቢሎች ብልጭታ ስለሚያስቸግረው ምልከታውን በሌሊት ያካሂድ ነበር። በ1944 የሰማይን የራዲዮ ካርታ አሳተመ። የሬበር ጽሑፍ በጦርነቱ ጊዜ ሆላንድ ደርሶ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ሲያነሣሣ፣ በዚያው ዓመት ቫን ደ ኸልስት የሃይድሮጅን አቶም በ21 ሴንቲሜትር ሞገድ ሊሰማ እንደሚችል በስሌት አመለከተ። ይህም በ1951 በምልከታ ተረጋገጠ። ጃንስኪ የሰማው ድምፅም በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚበሩ ኤሌክትሮኖች በማግኔት መስክ ውስጥ ሲጠማዘዙ የሚወጣ መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ጃንስኪ ይህን ሁሉ ለማየት አልታደለም። በ1929 አግብቶ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ነበር። በሽታው እየከፋ ሄዶ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1950 በኒውጀርዚ፣ ሬድ ባንክ ከተማ፣ በ44 ዓመቱ ዐረፈ። በሕይወት ሳለ አንድም ታላቅ የሳይንስ ሽልማት አልተቀበለም።

ክብሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1973 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከሰማይ ለሚመጣ የራዲዮ ኃይል መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። አንድ ጃንስኪ ማለት በአንድ ካሬ ሜትርና በአንድ ኸርትዝ ላይ አንድ ዋት ለመቶ ትሪሊዮን ትሪሊዮን ሲካፈል የሚደርሰው ኃይል ነው። በ2012 ደግሞ በኒውሜክሲኮ የሚገኘው 27 አንቴናዎች ያሉት ታላቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ በስሙ ተሰየመ። በዚያው በሆልምዴል አካባቢ ፔንዚያስና ዊልሰን በ1964 በአንቴናቸው ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ ጫጫታ አግኝተው ለመተው ባለመፍቀዳቸው፣ ከዓለም መጀመሪያ የቀረውን ጨረር ደረሱበት፤ በ1978ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ጃንስኪ የታዘዘውን ሥራ በሚገባ ፈጽሞ አስረክቧል፤ ለዚህም ደመወዙን ተቀብሏል። ስሙን ያቆየለት ግን ካልታዘዘው የተረፈው፣ ለማንም የማያስቸግረው፣ በመዝገቡ ግርጌ የቀረው ትንሽ ድምፅ ነው። መለኪያው የሚያሳየውና ስሌቱ የሚሰጠው ሳይገናኙ ሲቀሩ ልዩነቱን ጠጋግኖ ማለፍ ቀላል ነው። እሱ ግን ልዩነቱን ጽፎ አስቀመጠው፤ ዓመት ሙሉም ተከታተለው።