ጁሊዮ ቢዞዜሮ፤ የደምን ጠጋኝ ያየ ሐኪም

በመኸር ጊዜ ገብስ ሲታጨድ ጣቱን ማጭድ ያልነካው የጣርማ በር ልጅ ብዙ አይገኝም። ደሙ ጥቂት ይፈስና ይቆማል፤ አጫጁም ወደ ነዶው ይመለሳል። ደሙ ስለ ምን ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ይህን ጠይቆ መልሱን በዓይኑ ያየውን ሰው ታሪክ ለዘንድሮው የመታሰቢያ መጽሔታችን አቅርበናል። ሰውየው ጣሊያናዊ ነው። በእኛ አገር የጣሊያን ስም የሚነሣው በወረራው ዘመን ከተፈለፈለው ዋሻ ጋር ስለ ሆነ፥ ከዚያው አገር የወጣ ሌላ ዓይነት ሥራ መኖሩን አንባቢዎቻችን ቢያውቁት መልካም መስሎ ታየን።

ጁሊዮ ቢዞዜሮ አፄ ምኒልክ በአንጎለላ ከተወለዱ ከ2 ዓመት በኋላ፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1846፥ ቫሬዜ በምትባል በሰሜን ጣሊያን ከተማ ተወለደ። በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1866 ሲመረቅ ዕድሜው ገና 20 ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ የደም ሕዋሳት የሚሠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ መሆኑን ካስረዱት ሰዎች አንዱ ሆነ። ኋላ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ካሚሎ ጎልጂ በዕድሜ ቢበልጠውም በእርሱ ቤተ ሙከራ ሠልጥኗል። በ1873 ቢዞዜሮ ወደ ቱሪን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳትን ያውቁ ነበር። ከእነርሱ በጣም ያነሡ ደቃቅ ነገሮችም ታይተዋል፤ ነገር ግን አንዱ የነጭ ሕዋስ ስብርባሪ ናቸው ሲል፥ ሌላው ወደ ፊት ቀይ ሕዋስ የሚሆኑ ናቸው ይል ነበር። ደም ከሰውነት ሲወጣ እነዚህ ነገሮች ወዲያው ተጣብቀው መልካቸው ስለሚለወጥ ክርክሩ እልባት አላገኘም። የቢዞዜሮ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ደሙን አውጥቶ በማየት ፈንታ፥ በሕይወት ባለ እንስሳ የአንጀት ስስ ሽፋን ውስጥ፥ በቀጫጭኑ የደም ሥሮች ሲፈስ ሳለ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። ደቃቆቹ በዚያም አሉ! እንግዲህ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተፈጠሩ ስብርባሪዎች አልነበሩም። ቅርጻቸው ጠፍጣፋ በመሆኑ በቋንቋው ትንንሽ ሳሕኖች ብሎ ሰየማቸው። ዛሬ ፕላትሌት ወይም የደም አርጊ ሕዋስ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ሥሩ ሲቈስልም ፈጥነው ቁስሉ ላይ የሚጣበቁት እነርሱ እንደ ሆኑ፥ ነጮቹ ሕዋሳት የሚደርሱት ግን ዘግይተው እንደ ሆነ አየ። ይህንንም በ1881 እና በ1882 አሳተመ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ምርምሩን አስፋፍተውታል። ሥር ሲቈረጥ በግድግዳው ተሸፍኖ የነበረው ኮላጅን ይገለጣል፤ የሚያልፉት ፕላትሌቶች እዚያ ይጣበቃሉ፥ ጠፍጣፋነታቸውን ትተው እንደ እሾህ ያለ ነገር ያወጣሉ፥ ሌሎችን የሚጠራ ንጥረ ነገርም ይለቃሉ። የተጠሩት መጥተው ፋይብሪኖጅን በሚባል ፕሮቲን እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ይህ ብቻውን ልል ነው፤ ፋይብሪኖጅኑ ወደ ፋይብሪን ክር ሲለወጥ ግን፥ ጭቃ የድንጋይ ካብን እንደሚይዝ አጥብቆ ይይዘዋል። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም፥ ማለት በአንድ ጠብታ ትንሽ ክፋይ ውስጥ፥ ከ150,000 እስከ 400,000 ያህል ፕላትሌት ይገኛል። አንዱ የሚኖረው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። ቍጥራቸው እጅግ ሲያንስ ደም አልቆም ይላል፤ በልብ ወይም በአንጎል ሥር ውስጥ ያለ ቦታው ደም ሲረጋ ደግሞ ያው ጠጋኝ ሰው ይገድላል።

በኋለኛው ዕድሜው ቢዞዜሮ ዓይኑ ታመመና ማይክሮስኮፕ መመልከት ተሳነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የከፋ መከራ አይታየንም። እርሱ ግን ስለ ሕዝብ ጤና አጠባበቅ ወደ መጻፍና ወደ ማስተማር ዞረ። በ1890 የመንግሥቱ ሴናተር ሆነ፤ በ1901 በ55 ዓመቱ በሳንባ ምች በቱሪን ሞተ።

ፕላትሌቶች ከየት እንደሚወለዱ ግን ሳያውቅ ቀረ። በወጣትነቱ በመቅኔ ውስጥ ግዙፍ ሕዋሳት አይቶ ጽፎባቸው ነበር፤ ከደቃቆቹ ጋር አላገናኛቸውም። በ1906 አሜሪካዊው ጄምስ ሆመር ራይት ፕላትሌቶች የእነዚያው ግዙፍ ሕዋሳት ቍራጮች መሆናቸውን አሳየ።