ዥዋዥዌን የሕክምና መሣሪያ ያደረጉት ዶክተር ጂን ኤርስ



በቂርያት መላኪ፣ በገደራ ወይም በያቭኔ ከምትኖሩት አዲስ ገቢ ቤተሰቦች መካከል ልጃችሁን ወደ ሪፑይ በዒሱክ ውሰዱ የተባላችሁ ትኖራላችሁ። እዚያ ስትደርሱ መርፌ የለም፣ ክኒንም የለም። የምታዩት ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ፣ ትልልቅ ኳሶች፣ ወፍራም ፍራሽና መወጣጫ ነው። ልጄን ለሕክምና አመጣሁ እንጂ ለጨዋታ አላመጣሁም ብላችሁ ብትገረሙ አይፈረድባችሁም። ነገሩን ለመረዳት ግን የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ይረዳችኋልና በአጭሩ እንዲህ አቅርበነዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አና ጂን ኤርስ ጁላይ 18 ቀን 1920 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ቪሴሊያ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ያደጉትም በእርሻ ቦታ ነው። በልጅነታቸው እርሳቸውም የመማር ችግር እንደነበረባቸው ይነገራል። እንግዲያው ኋላ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ነገር ከሩቅ የሚያውቁት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በ1945 ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ሙያቸው እዚህ አገር ሪፑይ በዒሱክ የሚባለው ነበር። ይህም ሰው የዕለት ተግባሩን፣ ማለትም መልበስን፣ መብላትን፣ መጻፍን፣ መጫወትን በራሱ እንዲችል የሚረዳ ሙያ ነው። በ1954 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1961 ደግሞ በትምህርት ሥነ ልቦና የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። በዚህም ሳይወሰኑ ከ1964 እስከ 1966 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ምርምር ተቋም ገብተው ተመራመሩ።

ይህን ሁሉ ያስደከማቸው አንድ ጥያቄ ነበር። ዓይናቸው የሚያይ፣ ጆሯቸው የሚሰማ፣ አእምሯቸውም ብሩህ የሆነ ልጆች ቁልፍ መቆለፍ፣ እርሳስ መያዝ፣ በወንበር ላይ መቀመጥ ለምን ያቅታቸዋል? ዶክተር ኤርስ የደረሱበት ሐሳብ ችግሩ ከዓይንና ከጆሮ ሳይሆን አንጎል የሚደርሰውን ስሜት ሁሉ ከሚያቀናጅበት ሥራ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። በገበያ ብንመስለው፣ መንገዱ ሰላም ቢሆንም ገበያው ውስጥ ግርግር ከተነሣ ዕቃው በሥርዓት ለገዢው አይደርስም።

እኛ የምናውቀው አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ነው። ዶክተር ኤርስ ግን ከመዳሰስ ጋር ሌሎች ሁለት ስሜቶችን አጉልተው አሳዩ። አንደኛው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛንና የእንቅስቃሴ ስሜት ነው። ሁለተኛው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው፣ እጅና እግራችን የት እንዳሉ ሳናይ የሚነግረን ስሜት ነው። ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያለቅስ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ እሹሩሩ ሲባል ዝም የሚለው በእነዚሁ ስሜቶች፣ በእንቅስቃሴውና አጥብቆ በመያዙ ነው። ዥዋዥዌውና ፍራሹም የሚሠሩት በእነዚሁ ስሜቶች ላይ ነው።

አንዱ ልጅ የሸሚዝ አንገት ሲነካው ያለቅሳል፣ ፀጉሩ ሲታጠብ ይጮኻል፣ ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይደፍናል። ሌላው ሲዘል፣ ከግድግዳ ሲላተም ይውላል፣ ቢወድቅም ብዙ አይሰማውም። እኛ ቤት የመጀመሪያው ቅብጥ፣ ሁለተኛው ባለጌ ይባላል። አለበለዚያም ዓይን አግኝቶታል ተብሎ ይደበቃል፣ ይገረፋልም። ከዶክተር ኤርስ ሥራ ለወላጅ የሚተርፈው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ልጁ እያስቸገራችሁ ሳይሆን ራሱ ተቸግሮ ሊሆን ይችላል።

በ1972 የስሜት ሕዋሳት ቅንጅትንና የመማር ችግርን የሚመለከተውን መጽሐፋቸውን፣ በ1979 ደግሞ ለወላጆች የሚሆነውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ቶረንስ ከተማ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፍተው ልጆችን አከሙ። በእርሳቸው ሥርዓት ልጁ በግድ አይጎተትም። ባለሙያዋ የልጁን ፍላጎት ተከትላ፣ እጅግ ያልቀለለ እጅግም ያልከበደ ሥራ ትመርጥለታለች። ተመሳሳይ ችግር ለነበረበት የእኅታቸው ወይም የወንድማቸው ልጅም በርቀት እየጻፉ ይመክሩት ነበር። ደብዳቤዎቹ በ2004 በመጽሐፍ ወጥተዋል።

ዶክተር ኤርስ ዲሴምበር 16 ቀን 1988 በ68 ዓመታቸው በካንሰር አረፉ። የመጨረሻ ሥራቸው የሆነው፣ ከ4 ዓመት እስከ 8 ዓመት ከ11 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ባለ 17 ክፍል ፈተና የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1989 ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳባቸው በሕይወት ሳሉም ተቃዋሚ አላጣም፤ ክርክሩም ዛሬ አላበቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 የሕክምናው ማስረጃ ውሱን መሆኑ ለወላጆች እንዲነገር መክሯል። በ2014 የታተመ በ32 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ልጆቹ በተቀመጠላቸው ግብ መሻሻላቸውን አሳይቷል። በ2022 የወጣው፣ በብሪታንያ በ138 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ከተለመደው እንክብካቤ የበለጠ የጠባይ ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ ሕክምናውን አትናቁት፣ ተአምርም አትጠብቁበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ አዲስ አገር የመጣ ልጅ በጩኸቱና በቋንቋው ለጊዜው ቢደናገጥ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። እዚያው አገር ሳላችሁም እንዲህ ያደርግ እንደነበረ ለባለሙያዋ ንገሩ፤ ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር። ሦስተኛ፣ የቲፓት ሃላቭ ነርስን፣ ሐኪሙን ወይም የጋን አስተማሪዋን አነጋግሩ። በኩፓት ሆሊም በኩል የሚሰጠው የልጆች ዕድገት ሕክምና በዕድሜ የተወሰነ ነው፣ ወረፋም አለው፤ ስለዚህ አትዘግዩ። አራተኛ፣ ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ መገሸሪት ወይም አስተርጓሚ ጠይቁ። ትልቁን ልጃችሁን ከትምህርት አስቀርታችሁ አስተርጓሚ አታድርጉት።

አምስተኛ፣ ባለሙያዋን ግቡ ምን እንደሆነ ጠይቋት። ለምሳሌ ልጁ ሸሚዙን ያለ ልቅሶ እንዲለብስ ይሁን፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መሻሻሉን ከእርሷ ጋር ተመልከቱ፣ ካልተሻሻለም ሌላ መንገድ ጠይቁ። በቤት ምን ልሥራ ብላችሁም ጠይቁ። ልጁ ዥዋዥዌው ላይ ሲሆን ከውጭ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ቢፈቀድላችሁ ገብታችሁ እዩ።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።