አቡነ ጴጥሮስና የአራዳው ፍርድ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያልፍ ሰው የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ሳያይ አያልፍም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን አሟሟታቸውን እንጂ አኗኗራቸውን አናውቅም። ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ፥ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ትምህርት ወዳድ ስለ ነበሩ ቅኔውንና መጻሕፍቱን ከየሊቃውንቱ ተምረው በደብረ ሊባኖስ መነኰሱ፤ ከዚያም በልዩ ልዩ ገዳማት እየተዘዋወሩ አስተማሩ። በዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ጳጳስ የምታገኘው ከግብፅ ብቻ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ለጵጵስና ሲመረጡ ከአቡነ አብርሃም፥ ከአቡነ ይስሐቅና ከአቡነ ሚካኤል ጋራ ተሾሙ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። የመጣሁት ላሠለጥን ነው ቢልም፥ አገዛዙ ሰውን በቆዳው ቀለም የሚመድብ ነበር። ኋላም ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ ሕግ አወጣ፤ በጊዮርጊስ ፊት የነበረውንም የአራዳ ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ይኸው ነው።

አቡነ ጴጥሮስ ከሰላሌ አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች ከተማዪቱን አጠቁ። ነገር ግን ወራቱ ክረምት ስለ ነበረ ወንዞች ሞልተው ጦሩ በአንድነት ሊረዳዳ አልቻለም። አቡኑም በጠላት እጅ ወደቁ።

ጠላት የፈለገው ነፍሳቸውን ብቻ አልነበረም፤ ሥልጣናቸውን ሊበደር ፈለገ እንጂ። አርበኞችን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ፥ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲያዝዙ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን እንቢ አሉ፤ ይልቁንም ለወራሪው የሚገዛውን ሁሉ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአራዳ፥ ሕዝብ እያየ፥ የኢጣልያ ፖሊሶች የሆኑት ካራቢኜሪዎች ተኵሰው ገደሏቸው።

ግድያው ሕዝቡን ጸጥ ያሰኛል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። የፋሽስት መልስ ሦስት ቀን የቈየ ጭፍጨፋ ሆነ። ሰው ኢትዮጵያዊ በመሆኑ ብቻ በየመንገዱ ተገደለ፤ ጊዮርጊስም በእሳት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ያህል አድርጎታል። በዚያው ዓመት በግንቦት፥ አቡኑ የመነኰሱበት የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሳትም ተረሸኑ። ነገር ግን ግፉ በበዛ ቍጥር ጫካ የሚገባው በዛ፤ በ1933 ዓ.ም. ከተማዪቱ ነፃ ወጣች።

ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ድንጋይ ይነሣል፥ ይመለሳልም። የማይመለሰው ግን በግፍ ወረቀት ላይ የተሰጠ ፊርማ ነው። ነገ ማኅተም የምንይዝ ወጣቶች ሁሉ፥ ግፈኛ ከጠመንጃው ይልቅ የሚፈልገው የእኛን ቃል መሆኑን ከአቡነ ጴጥሮስ ልንማር ይገባናል።