ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር በደጃዝማች ውቤና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች አብዛኞቹ ያዩትን አይተው፥ የጻፉትን ጽፈው ወደየመጡበት ተመልሰዋል። ጥቂቶቹ ግን አግብተውና ወልደው፥ ለአገሩ ገዢዎች አድረው ዕድሜያቸውን እዚሁ ጨርሰዋል። ከእነዚህ አንዱ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ነው። ስሙን ያወቁት ሰዎች ጥቂቶች ቢሆኑም፥ የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው።

ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1813 በአንሃልት አገር ራደጋስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገበት ዘመን በጀርመን አገር የሥዕል ሥራ ከጥቂት ባለጸጎች እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ የሚደርስበት ዘመን ነበር። ለዚህም ምክንያት የሆነው ሊቶግራፊ ወይም የድንጋይ ኅትመት የሚባለው ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ አሎይስ ዜነፌልደር የተባለ ሰው በባቫሪያ እ.ኤ.አ. ከ1796 ጀምሮ አስገኘው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሠዓሊው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ በውሃ ሲርስ ውሃው ቅባት ከሌለበት ቦታ ብቻ ይቀራል፤ ቀለሙ ደግሞ ውሃውን ሸሽቶ ቅባቱን ይይዛል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ድንጋይ ብዙ ቅጂ ይታተማል።

ኢትዮጵያም በዚህ ጥበብ ለአውሮፓ ታይታለች። ማርቲን በርናትዝ የተባለው ሌላ ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሻለቃ ሃሪስ ጋር ወደ ሸዋ መጥቶ፥ የሣላቸው ተራሮችና ሜዳዎች በድንጋይ ታትመው በ1852 በመጽሐፍ ወጡ። በርናትዝ የቆየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ዛንደር ግን እ.ኤ.አ. በ1847 ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖር፥ በሕይወቱ ሳለ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ አልወጣለትም።

ዛንደር ያደረው ለደጃዝማች ውቤ ነው። ደጃዝማች ውቤ በዚያን ጊዜ ሰሜንንና ትግሬን አጠቃልለው የሚገዙ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ። በአድዋ ይኖር የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐርም ከእርሳቸው ዘንድ ባለሟልነት አግኝቶ የእንትጮን አገር ይገዛ ነበር። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩ እነዚህ ሁለት ጀርመኖች በሥራው ተካፈሉ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው የራስ ደጀን ተራራ በሚገኝበት በዚያ አገር መኖር፥ መልክዓ ምድር ለሚሥል ሰው የሚያስቀና ዕድል ነው።

ደጃዝማች ውቤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ለመጫን ያስቡ ነበር ይባላል። ዳሩ ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸውና ማረኳቸው። ጥቂት ቀን ሳይቈይ አቡነ ሰላማ በዚያችው በደረስጌ ማርያም ድል አድራጊውን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሏቸው። ያሠሩት ጌታ ታሰሩበት፤ ያላሠሩት ነገሡበት።

ዛንደርም ከዚህ በኋላ ለአዲሱ ንጉሥ አደረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከፈረንጅ ከሁሉ አብልጠው የሚሹት የእጅ ሥራ የሚያውቀውን ነበር፤ ይልቁንም መድፍ የሚያፈስሰውን። በጋፋት የተሰበሰቡት የእጅ ባለሙያዎች መንገድ እንዲሠሩና መድፍ እንዲያፈስሱ ታዘዙ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍም ከዚያ ወጣ። ንጉሡ አገራቸውን ከከበባት ጠላት የሚያድኑበትን መሣሪያ መፈለጋቸው አያስነቅፋቸውም። ነገር ግን መድፍ በሚፈለግበት ቤት የሠዓሊ ድርሻ ምን ያህል ጠባብ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ዛንደር እሴተ ወርቅ የተባለች የጎንደር ወይዘሮ አግብቶ ወለተ ኢየሱስን ወለደ፤ እርስዋም ካታሪና ትባላለች። ካታሪና ከክራኮው የመጣውን መድፍ ሠሪ ሞሪትዝ ሃልን አገባች። በእንግሊዝና በዐፄ ቴዎድሮስ መካከል ጠብ ተነሥቶ የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ወርዶ፥ ለመቀሌ ቅርብ በሆነችው በሕንጣሎ በኩል አልፎ መቅደላ ሲደርስ፥ አውሮፓውያኑ ከነቤተ ሰቦቻቸው በዚያ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። የመቅደላም መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተዘረፉ። ዛንደር ነጻ ወጣ፤ ነገር ግን የተወለደበትን አገር ዳግመኛ ሳያይ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1868 ሞተ።

ልጁና አማቹ ወደ ያፋ ሄደው ተቀመጡ። ከእነርሱ የተወለደችው ማግዳሌና ፕላቶን ኡስቲኖቭ የተባለውን የሩሲያ ባላባት አገባች፤ የልጅዋ ልጅም በ2004 እ.ኤ.አ. ያረፈው፥ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። እንግዲህ የራደጋስቱ ሠዓሊ ዘር በጎንደር በኩል አልፎ እስከ ለንደንና እስከ ሆሊውድ ደረሰ ማለት ነው።

እኛ በሓወልቲና በመቀሌ ዙሪያ የምንኖር ተማሪዎች የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ስናይ ጣልያናዊውን ናሬቲን፥ ከእርሱም ጋር የሠራውን የዚያን የአድዋውን ሺምፐር ልጅ ልናስብ ይገባናል። የእጅ ጥበብ ያላቸው እንግዶች ከዘመን ወደ ዘመን አልጠፉም፤ የጠፋው ጥበባቸውን ተቀብሎ ለተከታዩ የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት ነው። ጥበብ ለአንድ ጌታ ብቻ ሲያገለግል፥ ጌታው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ሠዓሊው ዛንደር ሁለት ጌቶች ሲወድቁ አየ፤ በእጁ የሣላቸው ወረቀቶችም ከእርሱ ጋር የተሰደዱትን ያህል ተሰደዱ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ነገር ቢኖር፥ ዕውቀት በሰው ቤት እንዳያድር፥ የራሱ ቤት እንዲኖረው መድከም ነው።